ስም ሳይዞር ሞተር ተሸጠ አይባልም
(በመተማ ዮሐንስ ለሞተረኞች ስብሰባ የተዘጋጀ የግንዛቤ ማስጨበጫ ንግግር)



ሰሊጡ ተሰብስቦ ገንዘብ እጅ በሚገባበት በዚህ ሰሞን ብዙዎቻችን አንድ ጥያቄ ይዘን እንዞራለን። «አሮጌዋን ሞተር ለነጋዴ ሰጥቼ፣ በላይዋ ጨምሬ አዲስ ልውሰድ? ወይስ ራሴ ገዢ ፈልጌ ልሽጣት?» ለአብዛኞቻችን ሞተር ትልቁ ንብረታችን ናት። የልጆች ቀለብም የቤት ኪራይም የሚወጣው ከእሷ ነው። ስለዚህ ተረጋግተን እንመካከርበት።

መጀመሪያ በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ቦክሰር ሞተሬን ሸጥኩ። ዋጋው ጥሩ ነበር፣ ብሩንም በአንድ ቀን ተቀበልኩ። ስም ለማዞር ግን ገዢውም እኔም ሰነፍን፤ ውክልና ሰጠሁትና ተለያየን። ከአሥር ወር በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። «በስምህ ያለች ሞተር ሰው ገጭታለች፣ ቅረብ» ተባልኩ። ለካ የኔ ገዢ ለሌላ ሸጧት፣ ያም ለሦስተኛ ሰው አሳልፏት ኖሯል። የተገጨው ልጅ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። እኔ ግን ሥራዬን ትቼ ለሳምንታት ተመላለስኩ። በሽያጩ አተረፍኩ ያልኩት ገንዘብም በዚያው አለቀ።

ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ ሕጉ እንዲህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 ላይ፣ ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል። የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ አያመልጥም። ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው የሚድነው። ሊብሬው ላይ ስምህ ካለ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠራው አንተ ነህ። ውክልና ሽያጭ አይደለም፤ ተወካዩ የሚሠራው ሁሉ በአንተ ስም የተሠራ ነው። ለገዢውም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። ወካዩ ቢሞት ወይም ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ሞተሯ በስሙ ሳትሆን ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የማነሣቸው ቁጥሮች ለማስላት እንዲቀሉን ነው እንጂ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ነጋዴው አሮጌዋን በ70,000 ብር ልያዝልህ ይላል። ሰው ፈልገህ ብትሸጣት 85,000 ታወጣለች። ልዩነቱ 15,000 ነው፤ ያጓጓል። ግን ለገዢ ከመታየቷ በፊት ጎማና ሰንሰለት 3,500 ብር ወሰደ እንበል። ደላላው 2,000 ወሰደ። ገዢ ለማሳየትና ወረቀት ለማስጨረስ ስድስት ቀን ሥራ ፈታህ፤ በቀን 600 ብር ብታስበው 3,600 ነው። ተደምሮ 9,100 ይሆናል። የቀረልህ 5,900 ብር ነው። ለዚህ ያህል መድከም ያዋጣኛል ወይ ብሎ መወሰን የየራሳችን ነው።

በነጋዴው በኩልም ዓይናችንን እንክፈት። አንዳንዱ አሮጌዋን በ80,000 እይዛለሁ ብሎ ልባችንን ያሞቀዋል። በጥሬ ገንዘብ 180,000 የሚሸጣትን አዲስ ሞተር ግን ለአንተ 190,000 ይላታል። የምትጨምረው 110,000 ሆነ፤ ያው በ70,000 ያዘብህ ማለት ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ስለ አሮጌዋ አታንሡ። መጀመሪያ የአዲሷን የጥሬ ገንዘብ ዋጋ አስቆርጡ። ከዚያ በኋላ «አሮጌ ሞተር አለኝ፣ ጨምሬ የምወስደው በስንት ነው?» በሉ።

ቅያሬ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሁለቱ ሞተሮች ዋጋ በአንድ ቀን ይዘጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ሰሞን አሮጌውን ሸጦ አዲስ ለመግዛት ብር ይዞ የቆየ ሰው፣ ብሩ እጁ ላይ ሳለ አቅሙ አነሰበት። ሞተሯ የሥራ መሣሪያ የሆነችላችሁ፣ አንድ ቀን ብትቆም ቤታችሁ የሚጎድል፣ ቅያሬውን አትናቁት። አዲስ ሞተር ለማትገዙ፣ ወይም አሮጌዋ በደንብ የተያዘች ሆና ጊዜ ላላችሁ ግን ራሳችሁ መሸጡ ይሻላል።

ራሳችሁ የምትሸጡ ከሆነ ጊዜ ምረጡ። የእኛም አገር የሱዳኗ ገዳሪፍም ኑሮ በሰሊጥና በማሽላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ገንዘቡ ሁሉ አረም ላይ ነው፤ ለሳሉግ፣ ማለትም ለወቅት ሠራተኛ፣ መክፈያ ያጠረው ገበሬ ሞተር አይገዛም። መንገዱም ጭቃ ነው። አሁን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ገዢው ራሱ ይፈልጋችኋል።

ድንበር ላይ ስለምንኖር ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ታርጋ ያላትን ሞተር ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላለ ሰው በእጅ አትስጡ። ስሟ እዚህ ሳይዞር አገር ለቃ ትወጣለች፤ ያለ ጉምሩክ ሥርዓት ማሻገሩም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ከማዶ የመጣች፣ የጉምሩክ ሰነድ የሌላትንም በርካሽ ተገኘች ብላችሁ አትግዙ። ነጋዴ አይቀይራችሁም፣ ሊብሬ አታወጡባትም፣ በአንድ ፍተሻ ላይ ገንዘባችሁ ይወረሳል። ሁለተኛ፣ ዋጋውን በብር ቁረጡ፣ ክፍያውንም በባንክ አድርጉት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የፓውንዱ አቅም ምን ያህል እንደወረደ ከገዳሪፍ የመጣችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በ2017 ዓ.ም. የ500 እና የ1000 ፓውንድ ኖቶች ሲቀየሩም አሮጌ ኖት የያዘ ሰው ምን ያህል እንደተጨነቀ አይታችኋል።

በሽያጩ ቀን እንዲህ አድርጉ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ ዋጋው፣ የርክክቡ ቀንና ሰዓት ይግቡበት፣ ምስክሮችም ይፈርሙ። ቀብድ ስትቀበሉ ሕጉን አስታውሱ፤ ሻጭ ሐሳቡን ከለወጠ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፣ ገዢ ከቀረ ቀብዱ ይቀርበታል። ቅጣትና ዕዳ ካለባት አጽዱ። ከዚያ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት ከገዢው ጋር አብራችሁ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። «ነገ እናዞረዋለን» ካለ፣ ሞተሯም ነገ ትሰጠዋለች።

ይህ ለነጋዴም ይሠራል። ቅያሬ ስንፈጽም ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን አንዳንዱ ነጋዴ የስም ማዞሪያ ወጪ ሁለት ጊዜ ላለመክፈል፣ ገዢ እስኪያገኝ በእናንተ ስም ያቆያታል። በመካከል ማን እንደሚነዳት አታውቁም። ስለዚህ ከነጋዴውም ጋር ቢሆን ስሙ በስንት ቀን እንደሚዞር በውሉ ላይ ይጻፍ፤ እስከዚያም ከሱቁ እንዳትወጣ ተስማሙ።

ወገኖቼ፣ በ15,000 ብር ልዩነት ቀን ሙሉ ስንከራከር፣ ስም ለማዞር ግማሽ ቀን እናጣለን። ለነጋዴ ስጡ፣ ለግለሰብ ሽጡ፣ ምርጫው የእናንተ ነው። ከዚህ በፊት በውክልና የሸጣችሁ ካላችሁ ግን፣ ሞተሯ ዛሬም በስማችሁ መንገድ ላይ ናት። በዚህ ሳምንት ገዢውን ፈልጉት፤ ካልተገኘም ውላችሁን ይዛችሁ ጽሕፈት ቤቱን አማክሩ። ብቻችሁን መሄድ የከበዳችሁ ንገሩኝ፤ መንገዱን ስለማውቀው አብሬያችሁ እሄዳለሁ።