ምጣድ ሲነዝር

የድሬዳዋ ሰዎች!

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ስልካችንን ይዞ አልለቅም ብሏል። ከሳቢያንም ይደወላል፣ ከመጋላም ይደወላል፣ ከገንደ ቆሬም ይደወላል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው፦ «የኤሌክትሪክ ምጣዴ ይነዝረኛል፤ ስጋግር ምን ዓይነት ጫማ ባደርግ ይሻለኛል?»

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ የጫማውን ነገር ተዉት። ምጣዱን ንቀሉና ባለሙያ ጥሩ። የዛሬው ወጌ ይኸው ነው።

ለምን ይነዝራል? ከሸክላው ሥር በተቦረቦረው ቦይ ውስጥ የሚግለው ጥምዝ ሽቦ ተዘርግቷል። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጥ ሰርጎ ይወርዳል፤ ሊጥ እርጥብና ኮምጣጣ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። አንዳንዴም ሽቦው ከቦዩ ይወጣና ቆርቆሮውን ይነካል። ያን ጊዜ እጃችሁ የሚያርፍበት ቆርቆሮ ራሱ 220 ቮልት ሊሸከም ይችላል።

እኛ ጋ ደግሞ ይብሳል። አቦ፣ በዚህ ሙቀት ማን ካልሲና ጫማ አድርጎ ይጋግራል? ወለሉ እንዲቀዘቅዝ ውሃ ይረጫል፣ እግር ባዶ ነው፣ ላቡ በክንድ ላይ ይወርዳል። ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክን በመጠኑ ይከላከላል፤ የረጠበ ቆዳ ግን ያሳልፈዋል። ትናንት ጣታችሁን ውርር አድርጎ የተዋችሁ ምጣድ፣ ዛሬ ወለሉ ሲረጥብ ልብ ሊያቆም ይችላል። ምጣድ እስከ 16 አምፔር ይስባል፤ ሰው ለመግደል ግን የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ይበቃል።

«ሶኬቱን ገልብጬ ስሰካው ይተወኛል» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እውነት ነው፣ ይቀንሳል። የተበላሸው የሽቦ ጫፍ ኤሌክትሪኩ ከሚገባበት ስለራቀ ነው እንጂ ምጣዱ ስለዳነ አይደለም። ነገ ልጃችሁ ሳታውቅ እንደ ቀድሞው ብትሰካውስ? እዚህ ላይ እቆጣለሁ! መንዘሩን መደበቅና ብልሽቱን መጠገን አንድ አይደለም።

የእኔም እናት ሳንቃ ላይ ቆማ ትጋግር ነበርና ልማዱን አውቀዋለሁ። ሳንቃ የሚጠብቀው እግርን ብቻ ነው። ሌላኛው እጅ የውሃ ቧንቧ ቢነካስ? ስለዚህ በትንሹ የነዘረም፣ አልፎ አልፎ የነዘረም፣ አንድ ጊዜ ብቻ የነዘረም ምጣድ ሳይታይ አይጋገርበት።

ሰዓቴ እያለቀ ስለሆነ የቀሩትን ምልክቶች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ሶኬቱ ከጋለ፣ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ፣ ባለሙያ። ብሬከሩ እየደጋገመ ከወረደ፣ ባለሙያ፤ በትልቅ ብሬከር መቀየር መስመሩን ማቃጠል ነው። እንጀራው በአንድ ወገን ብቻ ዓይን ካላወጣ ሽቦው ይታይ። ምጣድ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ከፍሪጅ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አይሰካ።

ባለሙያው ሽቦ ቀጥሎ ብቻ እንዳይሄድባችሁ። ቆርቆሮው ግራውንድ ከሚሉት የመሬት መስመር ጋር መያያዙን በመሣሪያ ለክቶ ያሳያችሁ። ኤሌክትሪክ ወደ ሰውነት ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር እንዲገጥምላችሁም ጠይቁት።

አደራ፣ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትጎትቱ። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ።

ሊጡ ለነገ ቦክቶ የሚጠብቃችሁ፣ ምጣዳችሁም የሚነዝር ከሆነ፣ ሊጡን ይዛችሁ ጎረቤት ሂዱና ጋግሩ። የድሬ ጎረቤት እምቢ አይልም። ባለሙያውን ደግሞ ነገውኑ ጥሩ።