ከጎን የሚቆመው ሰው፤ ስለ ታካሺ ሺሙራ ፊልሞች የተደረገ ንግግር



በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ ስለ ሲኒማ ጥቂት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። ሲኒማ ጊዜ ማባከኛ ነው የሚሉ ወላጆች እንዳሉ እናውቃለን፤ ነገሩም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከመልካም ፊልም ትምህርት እንደሚገኝ በአንድ ሰው ሥራ ለማስረዳት እንሞክራለን። እርሱም ጃፓናዊው ተዋናይ ታካሺ ሺሙራ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሺሙራ በ1905 ተወልዶ በ1982 ዐረፈ። በብዙ ፊልሞች የሚታየው ከዋናው ባለ ታሪክ ጎን ቆሞ ነው። ታላቁ ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ ግን ካዘጋጃቸው 30 ፊልሞች ውስጥ በ21ዱ አሠርቶታል። በ1948 «የሰከረው መልአክ» ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ የያዘውን ወሮበላ የሚያክም ቁጡ ሐኪም፤ በ1949 «የባዘነው ውሻ» ውስጥ ሽጉጡ የተሰረቀበትን ወጣት መርማሪ የሚመክር ነባር ፖሊስ፤ በ1950 «ራሾሞን» ውስጥ እንጨት ቆራጭ ሆነ።

በ1954 ደግሞ በሁለት ዝነኛ ፊልሞች ታየ። በ«ጎድዚላ» አውሬው ከመገደሉ በፊት ይጠና የሚል ሊቅ ነው። በ«ሰባቱ ሳሙራይ» ግን ድኾች ገበሬዎችን ከሽፍታ የሚከላከሉት ተዋጊዎች አለቃ ነው። ይህ አለቃ በሌባ የተያዘ ሕፃን ለማዳን ሲል መነኩሴ ለመምሰል ጠጉሩን ይላጫል። ቁንጮ ለሳሙራይ የክብር ምልክት መሆኑን ያወቀ፤ ሰውየው ምን እንደ ሰጠ ይረዳል። በመጨረሻም ከሰባቱ አራቱ ሲሞቱ፤ ድሉ የገበሬዎቹ እንጂ የእኛ አይደለም ብሎ ይናገራል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው በ1952 የተሠራው «መኖር» ነው። እዚህ ሺሙራ ራሱ ዋናው ባለ ታሪክ ነው። ዕድሜው ገና 50 ሳይሞላ፤ በማዘጋጃ ቤት ውስጥ 30 ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ የኖረውን ሽማግሌ ሹም ሆኖ ተጫወተ። እናቶች በሰፈራቸው ያለው የቆሸሸ ውሃ ተደፍኖ ለልጆች መጫወቻ ይሁንልን ብለው ሲያመለክቱ፤ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል እየላከ ያንከራትታቸዋል። ሹሙ የሆድ ዕቃ ካንሰር እንደ ያዘው ካወቀ በኋላ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ፤ ከበር በር እየለመነ መጫወቻውን ያሠራል፤ በረዶ በሚወርድበት ሌሊትም በዚያው ዥዋዥዌ ላይ ሆኖ ይሞታል።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ማልቀስ ብቻ ይበቃን ነበር። በለቅሶው ቤት ግን ምክትል ከንቲባው ምስጋናውን ለራሱ ይወስዳል። የሥራ ጓደኞቹም ከጠጡ በኋላ የሟቹን አርአያ እንከተላለን ብለው ይምላሉ፤ ከዚያ በኋላ ቢሮ ሲገቡ ግን እንደ ቀድሞው ባለ ጉዳይ ያመላልሳሉ። መሐላቸው ከአንድ ሌሊት አላለፈም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከእኛም ብዙዎቹ ነገ ከጠረጴዛ ኋላ እንቀመጣለን። በዚያን ጊዜ አንዲት እናት ማመልከቻ ይዛ ብትቆም፤ «ነገ ይመለሱ» ማለት ቀላል ነው። በሕይወት ውስጥ የፊተኛው ሥፍራ የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው፤ ከጎን ቆሞ ሥራን በሚገባ መፈጸም ግን ለሁላችንም ተፈቅዷል። ይህንንም ሞት እስኪያስታውሰን ድረስ እንዳንጠብቅ አደራ እንላለን።