የእንጅባራው አረንጓዴ ድንጋይ ስንት ዲግሪ ነበረ?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ደምበጫ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጅቡቲ በባሕሩ ዳር ግን በ100 ዲግሪ ነው። ምክንያቱ የአየሩ ግፊት መለያየት መሆኑን ሁላችንም ተምረነዋል። ዛሬ የምንናገረው ግን ከአየሩ 15,000 ጊዜ ስለሚበልጥ ግፊት ነው።

ከቡሬ አልፎ በእንጅባራ አካባቢ በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ አረንጓዴ ቍርጥራጭ ድንጋዮች ይገኛሉ። ከምድር ቅርፊት በታች ተቦጭቀው ከቅልጡ ድንጋይ ጋር የወጡ ናቸው። እዚያ ሳሉ ምን ያህል ይግሉ እንደ ነበር ሊቃውንት የሚገምቱት፣ ሁለቱ የፒሮክሲን ማዕድኖች ካልሲየሙን እንዴት እንደ ተካፈሉት መርምረው ነው። ይህ አካፋፈል ስንት ዲግሪ ማለት እንደ ሆነ ግን የሚነግረን በቤተ ሙከራ የተሠራ ቀመር ነው። እርሱ ከተሳሳተ ስለ ጎጃም ምድር የምንናገረውም አብሮ ይሳሳታል።

ቦይድና ኢንግላንድ የተባሉ አሜሪካውያን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1960 መግለጫውን ባወጡት መጭመቂያ፣ ጥቂት ሚሊሜትር የምታህል ናሙና በግራፋይት ቱቦ ውስጥ ትቀመጥና በኤሌክትሪክ ትግላለች። ከአጠገቧ ከሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች የተሠሩ ሽቦዎች ጫፋቸው ተገናኝቶ ይገባል፤ የሚሰጡትም ቮልቴጅ ወደ ዲግሪ ይተረጐማል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መተርጐሚያው የተዘጋጀው በተራ የአየር ግፊት ነው። ጌቲንግና ኬኔዲ በ1970 ግፊቱ ቮልቴጁን እንደሚለውጠው ለክተው አሳዩ፤ ብዙዎች ግን ያለ እርማት ሽቦው ያለውን እንዳለ ይጽፋሉ። ሁለተኛው ችግር ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ የምጣዱ መካከል ሲያር ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ቱቦውም መካከሉ ይግላል፣ ጫፎቹ ይቀዘቅዛሉ። ሽቦው ከናሙናዋ ጥቂት ሚሊሜትር ከራቀ የሌላ ቦታ ሙቀት ይነግረናል። ሽቦው ሲበጠስ ደግሞ (መበጠሱም ብርቅ አይደለም) ሙቀቱን ከኤሌክትሪኩ ኀይል የሚገምቱ አሉ፤ ይህ በእኛ አስተያየት የምጣዱን ግለት በገባው ማገዶ ብዛት እንደ መገመት ነው።

እናቶቻችን ግን የእንጀራውን ዓይን ያያሉ። ዋትሰንና ጓደኞቹ በ2002 ያሳዩት መንገድ ይህን ይመስላል። ማግኒዚያና አሉሚና ሲነካኩ በመካከላቸው ስፒኔል የተባለ ማዕድን ይበቅላል፤ ሙቀቱ በበዛ ቍጥር ቶሎ ይወፍራል። ግፊቱና የቈየበት ሰዓት ከታወቁ፣ ውፍረቱን በማይክሮስኮፕ ለክቶ በየቦታው የነበረውን ሙቀት መገመት ይቻላል።

ጥቂት ዲግሪ ምን ይጐዳል? የሚል ይኖራል። የእንጅባራው ዓይነት ድንጋይ ጥልቀቱን አጥብቆ የሚናገር ማዕድን ስለሌለው፣ ጥልቀቱ የሚገመተው ከሙቀቱ ነው። በየኪሎ ሜትሩ 10 ዲግሪ ይጨምራል ብንል፣ የ50 ዲግሪ ስሕተት 5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ስለ አገራችን ድንጋይ የተጻፈ ጥናት ስታነቡ፣ በየትኛው ቀመር እንደ ተሰላ፣ ቀመሩ ሲሠራም ሽቦው የት እንደ ነበረ ፈልጉ።

አንዱን ድንጋይ ይዘን መጥተናል፤ ከጠረጴዛው ላይ ነው። በቀላሉ ይፈረፈራልና ስታነሡት በቀስታ ይሁን።