«ሥራ ፈት» ማን ነው?



ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ አንድ ስም ነው። ስሙ «ሥራ ፈት» ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ሥራ፣ ፈት። ሁለት ቃል ነው።

«ፈታ» ማለት ምንድን ነው? ገበሬ ማታ በሬዎቹን ከቀንበር ይፈታል። እስረኛ ከወህኒ ቤት ይፈታል። ባልና ሚስት ይፋታሉ። ሕልም ይፈታል፤ እንቆቅልሽም ይፈታል። እንግዲህ «ሥራ ፈት» ማለት ከሥራ የተፈታ ሰው ማለት ነው።

ታዲያ በሬ ራሱን ከቀንበር አይፈታም። ማረሻ ተሰብሮ የቆመውን በሬ ሰነፍ አንለውም። ዘር ጠፍቶ ሳይዘራ የቀረውንም መሬት «ጦሙን አደረ» እንለዋለን እንጂ አንሰድበውም። ሰው ሲሆን ግን ቶሎ እንፈርዳለን። «ሥራ ፈት»፣ «ቦዘኔ» እንላለን። ሥራ ጠልቶ የተቀመጠ አለ። ሥራ ፈልጎ ያጣም አለ። ታሞ የተኛም አለ። ሦስቱን በአንድ ስም መጥራት ትክክለኛ ፍርድ አይደለም።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፍርድ ፈርጃለሁ።

ለጎልማሶች ትምህርት ሰው ስመዘግብ አንዲት እናት መጡ። መዝገቡ ስም፣ ዕድሜና ሥራ ይጠይቃል። «ሥራዎ ምንድን ነው?» አልኳቸው። «ምን ሥራ አለኝ ልጄ፣ ቤት ነው የምውለው» አሉኝ። እኔም «ሥራ ፈት» ብዬ ጻፍኩ።

ወራት አለፉ። እኒያ እናት ፊደል ቆጠሩ፤ ማንበብም ጀመሩ። አንድ ቀን መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አዩት። ጣታቸውን በስማቸው ላይ አሳረፉ።

«ይሄ የኔ ስም አይደለም እንዴ?»

«የእርስዎ ነው፣ እናቴ።»

ጣታቸው ወደ ቀኝ ሄደ። «ሥ… ራ… ፈ… ት» ብለው አነበቡ። ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? እንጀራ የሚጋግረው ማን ነው? ጤፉን የሚያርመው፣ ጥጡን የሚፈትለውስ?»

አልተቆጡም። እኔ ግን የምመልሰው ጠፋኝ። ብዕሩን ሰጠኋቸው። የጻፍኩትን ሰረዙና «ገበሬ» ብለው ጻፉ። «ገ» ትንሽ ተጣሞ ነበር። እኔ አላረምኩትም።

አያችሁ? ሌላ ሰው ስለ እናንተ የጻፈውን እናንተ ማንበብ ካልቻላችሁ፣ ስሕተቱ እንደ እውነት ይኖራል።

አሁን ደግሞ ሥራ ስለፈታ ቃል ልንገራችሁ። ቃልም ሥራ ይፈታል እንዴ? አዎን። በሰዋስው «ቦዝ አንቀጽ» የሚባል አለ። ቦዝ ማለት ሥራ ፈት ማለት ነው። «በልቶ» ብላችሁ ዝም ብትሉ ሰሚው «በልቶስ?» ይላችኋል። ነገሩ አልተዘጋም። «በልቶ ተኛ» ስትሉ ይዘጋል። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዳር አያደርስም፤ ሌላ ቃል ይጠብቃል።

የሞጣ ሰዎች ይህን የሚመስል ድልድይ ያውቃሉ። በዓባይ ላይ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን ተሠራ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ። ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆነ። ግንቡ በዚህም በዚያም ቆሟል፤ መሃሉ ግን የለም። ያም ሆኖ ሰዉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከወዲህና ከወዲያ ገመድ ይዞ እየተጓተተ ለብዙ ዓመታት ተሻገረ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ደግሞ አዲስ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

የተማራችሁት ፊደልም እንደዚሁ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ፊደል ቆጠረ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎች የሚያነቡት አጡና መልሰው ረሱት። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ፊደሉ ሥራ ፈታባቸው። ማረሻ ሲቀመጥ ይዝጋል፤ ፊደልም ካልተነበበ ይጠፋል።

ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት አንብቡ። የግብር ደረሰኙን አንብቡ። የመድኃኒቱን ወረቀት አንብቡ። ከልጃችሁ የመጣውን ደብዳቤ ለሌላ ሰው አትስጡ፤ ራሳችሁ አንብቡት። ስማችሁ የሰፈረበትን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ።

በመጨረሻ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ደብተራችሁን አውጡና «ፊደል ተምሬ» ብላችሁ ጻፉ። «ተምሬ» ቦዝ ነው፤ ሌላ ቃል ይጠብቃል። ተምራችሁ ምን አደረጋችሁ? ያንን እናንተ ጨምሩበት።

ደህና ሁኑ።