የፎቶግራፍ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰሩ የሚለወጠው መቼ ነው?
(በበዓሉ ሳምንት የፎቶግራፍ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ሳምንት እያንዳንዱ ክበብ ስለ ሥራው ጥቂት ቃል እንዲያሰማ ስለ ተፈቀደ፤ እኛም በመካከላችን ብዙ ክርክር ያስነሣ አንድ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩም ወላጆች ለክበባችን ባዋጡት ገንዘብ ለኮምፒዩተራችን አዲስ ፕሮሰሰር እንግዛለት ወይስ አንግዛለት የሚል ነው። ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ገንዘቡ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ነው፤ በዚህ የበዓል መጽሔት የምታዩዋቸው ፎቶግራፎችም፤ በስካነር የተገለበጡት አሮጌዎቹም ሆኑ በክበባችን ካሜራ የተነሡት አዲሶቹ፤ ሁሉም የሚሰናዱት በዚሁ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ገንዘቡ በማይገባው ዕቃ ላይ ቢውል ገንዘቡም ይሄዳል፤ ኮምፒዩተሩም እንደ ዱሮው እየተንፏቀቀ ይቀራል።

ከአባሎቻችን ብዙዎቹ «ኮምፒዩተሩ የዘገየው ፕሮሰሰሩ ስላረጀ ነውና ይለወጥ» ባዮች ነበሩ። አነጋገራቸው መሠረት የሌለው አልነበረም። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ 5 6500 የሚባለው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ የወጣና አራት ኮር ያለው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጡትም በእጅጉ ይበልጡታል። ይሁን እንጂ አንድ ዕቃ ማርጀቱና ሥራውን የሚያዘገየው እርሱ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ነገሩን ከቤታችን በምናውቀው ምሳሌ እንግለጸው። ፕሮሰሰሩ ወጥ ሠሪዋ ናት እንበል። ዲስኩ እህሉና ቅመሙ የተቀመጠበት ጎተራ ነው፤ ሚሞሪው ደግሞ ወጥ ሠሪዋ ዕቃዋን የምትዘረጋበት ጠረጴዛ ነው። ጎተራው ከቤቱ የራቀ እንደ ሆነ፤ ወይም ጠረጴዛው ጠቦ ሽንኩርቱን ለማስቀመጥ ዘይቱን ማንሣት የሚያስፈልግ እንደ ሆነ፤ የቱንም ያህል ቀልጣፋ ሴት ብትቀጠር ምሳው በሰዓቱ አይደርስም።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል ሰዓት ይዘን ለካን። ዊንዶውስ በሚሠራበት በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ ኮንትሮል፤ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ቢጫኑ ታስክ ማናጀር የሚባለው መስኮት ይከፈታል፤ በዚያም ፕሮሰሰሩ፤ ሚሞሪውና ዲስኩ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደ ተያዙ ይታያል። አንደኛችን ፎቶግራፍ ሲያስተካክል ሁለተኛችን መስኮቱን እየተመለከተ በደብተር ይጽፍ ነበር።

መጀመሪያ የመረመርነው በካሜራው የተነሡትን ጥሬ ፎቶግራፎች ከፍቶ መምረጥን ነው። እዚህ ላይ ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዞ ሳለ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ፤ ማለትም በሴኮንድ 120 ጊዜ የሚዞር ሳሕን ነው፤ አንዱ ዙር ከ8 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ይወስድበታል። ብዙ ትንንሽ ፋይሎች በተፈለጉ ቁጥር ሳሕኑ ዞሮ እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ነው። ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው ዲስክ ውስጥ ግን የሚዞር ነገር የለም።

ሁለተኛው የተቀደዱና የወየቡ አሮጌ ፎቶግራፎችን በሌየር ላይ ሌየር እየደረቡ ማደስ ነበር። የዚህን ሒሳብ የሒሳብ መምህራኖቻችን ሊመረምሩት ይችላሉ። አግድም 6,000 ቁመት 4,000 ነጥብ ያለው ፎቶግራፍ 24 ሚሊዮን ነጥብ አለው። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቀለማት አሉት፤ በ16 ቢት ሲሠራ ለእያንዳንዱ ቀለም ሁለት ባይት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አንዱ ፎቶግራፍ በሚሞሪ ላይ ሲዘረጋ 144 ሚሊዮን ባይት ይይዛል። ሙሉ ሌየር አሥር ጊዜ ቢደረብ 1,440 ሚሊዮን ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ወደ ኋላ ለመመለስ ብሎ የሚያስቀምጠው ገና አልተቆጠረም። የእኛ ኮምፒዩተር ያለው ሚሞሪ 8 ጊጋ ባይት ሲሆን ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ከዚያ ላይ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሁለት ሦስት ፎቶግራፍ አብሮ ሲከፈት ሚሞሪው ይሞላል፤ የተረፈውም ወደዚያው ወደ ዘገምተኛው ዲስክ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ነበር የማውሱ ቀስት ቆሞ የሚቀረው። አዶቢ ራሱ ለፎቶሾፕ የሚመክረው 16 ጊጋ ባይት ሲሆን 8 የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው።

በሦስተኛው ሥራ፤ ይኸውም የተጠናቀቁትን ፎቶግራፎች በብዛት ወደ ጄፔግ በመለወጥ ጊዜ፤ አራቱም ኮሮች እስከ ጣሪያቸው ተያዙ። እነሆ ፕሮሰሰሩ በእውነት ተከሳሽ ሆኖ የቀረበው እዚህ ላይ ነው። ዳሩ ግን ይህን ሥራ የምናስጀምረው የምሳ ደወል ሲደወል ነው፤ ስንመለስ አልቆ እናገኘዋለን። ሰው እጁን ማውስ ላይ አድርጎ የሚጠብቀው ጊዜና መኪናው ብቻውን የሚሠራበት ጊዜ ዋጋቸው እኩል አይደለም። በክርክራችን መካከል ነገሩን የቈረጠልን ከሁሉ ይልቅ ይህ አሳብ ነው።

አንድ ሥራ 10 ሴኮንድ የሚፈጅ፤ ከዚያም 8ቱ ለዲስክ 2ቱ ለፕሮሰሰር የሚሄድ እንደ ሆነ እናስብ። ፕሮሰሰሩ እጥፍ ፈጣን ቢሆን 10ሩ ሴኮንድ 9 ይሆናል። ዲስኩ አምስት እጥፍ ቢፈጥን ግን 3.6 ሴኮንድ ብቻ ይቀራል። ኮር ብዙ ነው እየተባለ የሚነገረውም እንደዚሁ ልክ አለው። ጂን አምዳል የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳመለከተው፤ ከአንድ ሥራ ውስጥ ለብዙ ሠራተኞች ሊከፋፈል የማይችለው ክፍል የፍጥነቱን ጣሪያ ይወስናል። ከ10 ሴኮንድ ውስጥ 2ቱ የማይከፋፈሉ ከሆኑ፤ ኮሩ መቶም ቢሆን ሥራው ከ2 ሴኮንድ በታች አይወርድም።

መለኪያውን ለሚያነቡ ጓደኞቻችን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። አራት ኮር ባለው ኮምፒዩተር ላይ ፕሮሰሰሩ «25 በመቶ» ተይዟል የሚል ቁጥር ቢታይ ሥራ ፈት ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ አንዱ ኮር ሙሉ በሙሉ ተጠምዶ ሦስቱ ቆመው ይሆናልና። የእያንዳንዱን ኮር ሥዕል ለየብቻ መመልከት ያስፈልጋል።

ብርሃኑንና ቀለሙን ከፍ ዝቅ ስናደርግ ፎቶግራፉ ዘግይቶ የሚከተለን ጊዜም ነበር። የኮምፒዩተሩን ሣጥን ብንከፍት ማራገቢያው በአቧራ ተሸፍኗል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ አቧራውን አራግፈን፤ የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ለወጥን። ይህ ከሁሉ የረከሰው ጥገና ስለ ሆነ ማንም ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሊያደርገው ይገባል እንላለን። ደግሞም አንዳንዱ ሥራ ከነጭራሹ የፕሮሰሰር አይደለም። ላይትሩም እ.ኤ.አ. በ2023 ያመጣው፤ በጨለማ የተነሣን ፎቶግራፍ ከነጠብጣብ የሚያጠራው ዲኖይዝ የተባለው መሣሪያ ዋናውን ሸክም የሚጥለው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ለእርሱ ሲባል ፕሮሰሰር መግዛት ለራስ ምታት ጫማ እንደ መግዛት ይሆናል።

እንግዲህ ፕሮሰሰሩ የሚለወጠው መቼ ነው? ሚሞሪው ገና ቦታ እያለው፤ ዲስኩም ዐርፎ ሳለ፤ ሰው እጁን ይዞ የሚጠብቅበት ሥራ ላይ ፕሮሰሰሩ ወይም አንዱ ኮሩ ሞልቶ ሲገኝ ነው። ይህም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሥራው ራሱ ሲያድግ ነው። ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ ካሜራ በ45 ሚሊዮን ሲተካ ሸክሙ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን በ3840 በ2160 ሲለወጥም በዐይናችን ፊት የሚታየው ነጥብ በአራት ይባዛል።

የክበባችን ፕሮሰሰር ይለወጥ ቢባል ደግሞ ነገሩ በአንድ ዕቃ አያበቃም። ማዘርቦርዱ የሚቀበለው የኢንቴልን ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ብቻ ነው። ስምንተኛው ትውልድ ምንም እንኳ የመሰኪያው ቅርጽ ቢመሳሰል ሌላ ማዘርቦርድ ይጠይቃል። በአንጻሩ ኤ ኤም 4 የተባለው የኤ ኤም ዲ መሰኪያ ያላቸው ሰዎች ዕድለኞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተገዙ ብዙ ማዘርቦርዶች ባዮሳቸው ሲታደስ በ2020 የወጣውን ራይዘን 5000 ይቀበላሉ። በቤታችሁ ላፕቶፕ ያላችሁ ወላጆችም ልብ በሉ፤ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩ በቦርዱ ላይ ስለ ተበየደ አይለወጥም፤ ጥያቄው ሙሉ ኮምፒዩተሩን ስለ መለወጥ ይሆናል።

ከአባሎቻችን አንዱ ያነሣውን ተቃውሞ ግን በቀላሉ ልናልፈው አልቻልንም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። ይህ የፍጥነት ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ነው። ለጊዜው ያገኘነው መላ ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔት ተለይቶ ለፎቶግራፍ ብቻ እንዲያገለግል ነው። ሊኑክስን ጭነን በነፃ በሚገኙት በጊምፕና በዳርክቴብል ለመሥራትም ሁለት አባሎች መለማመድ ጀምረዋል።

በመጨረሻ የተስማማነው ኤስ ኤስ ዲና ተጨማሪ 8 ጊጋ ባይት ሚሞሪ እንዲገዛ ነው፤ ተገዝቶም ተገጥሟል። አሁን ፎቶግራፍ እስኪከፈት ሻይ የሚጠጣ የለም። ኤስ ኤስ ዲው ነገ ሌላ ማዘርቦርድ ቢመጣ ተነቅሎ አብሮ ይሄዳል፤ ሚሞሪውም ዲዲአር 4 ስለ ሆነ፤ አዲሱ ማዘርቦርድ ዲዲአር 4 የሚቀበል እንዲሆን ከተመረጠ አይጣልም። የተረፈው ገንዘብ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል ተቀምጧል። ደብተሩም እስከ ዛሬ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ አለ፤ የጠበቀ አባል ሁሉ ምን ሲሠራ እንደ ነበር፤ ስንት ሴኮንድ እንደ ቆየና የትኛው መለኪያ ሞልቶ እንዳየ ይጽፍበታል። በዚያ ደብተር ላይ «ፕሮሰሰር» የሚለው ቃል ከሌሎቹ በዝቶ ሲገኝ፤ ደብተሩን ይዘን ከወላጆች ኮሚቴ ፊት እንቀርባለን።