ትርፍ ራውተር በቤትና በመንገድ፦ ከወረታ የተገኘ ልምድ

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት የንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። በብዙዎቻችን ቤት፣ በቁም ሣጥን ላይ ወይም በአልጋ ሥር፣ አቧራ የለበሰ አንድ ራውተር አይጠፋም። መስመር ሲቀየር የተረፈ ነው፤ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ይዞት የመጣ ነው። ስሙም «ትርፍ» ነው። ይህ ትርፍ ዕቃ በቤት ውስጥ የሜሽ ዋይፋይ ሁለተኛ ጣቢያ ሆኖ እያገለገለ፣ መንገድ በሆነ ጊዜ ደግሞ በሻንጣ ተይዞ ሊሄድ ይችላል ወይ? መልሴ «ይችላል» ነው። ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ያንን ቅድመ ሁኔታ የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን የገዛ እህቴን ሥራ አሰናክዬ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ላስረዳ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ በሚገነጠልበት ላይ ያለች ከተማ ናት። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ሩዝ የሚበቅልበት፣ በክረምት ርብና ጉማራ ከአፋቸው እየወጡ የሚተኙበት ለጥ ያለ ምድር። የወላጆቼ ግቢ በዚያው ነው። ዋናው ቤት የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ነው። ከማድ ቤቱ ኋላ ሰርቪስ ቤት አለ፤ ይኸኛው ግድግዳውም ጭምር ቆርቆሮ ነው። ከዋናው ቤት ሳሎን እስከ ሰርቪስ ቤቱ በር በሜትር ለካሁት፤ 22 ሜትር ነው። የኢንተርኔቱ መስመር የሚገባው በሳሎኑ ሲሆን፣ ታናሽ እህቴ የምትኖረውና የምታጠናው በሰርቪስ ቤቱ ነው።

22 ሜትር ለዋይፋይ ብዙ ርቀት አይደለም። በሜዳ ላይ ቢሆን ስልክ ያለ ችግር ያገኘዋል። ችግሩ በመካከል ያለው ነገር ነው። የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የ5 ጊጋኸርትዝ ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሁለቱም በደረቅ ጭቃ ውስጥ እየተዳከሙም ቢሆን ያልፋሉ። ግድግዳው ዝናብ ሲጠጣ ግን ውኃው ሞገዱን ይመጥጠዋል፤ ስለዚህ በሐምሌ የምታገኙት ሲግናል በጥር ያገኛችሁት አይደለም። ቆርቆሮ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነው፤ ብረት ስለሆነ ሞገዱን መልሶ ያንጸባርቀዋል። የሚገባው በበርና በመስኮት፣ በሉሆቹም መጋጠሚያ ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ ሰዎች የሚሰጡት ምክር «ትልቅ አንቴና ግዛ» የሚል ነው። እኔም ገዝቻለሁ። የረሳሁት ነገር ቢኖር ዋይፋይ ንግግር እንጂ ስብከት አለመሆኑን ነው። ራውተሩ ቢጮህ ስልኩ ይሰማል፤ ስልኩ በደካማ ድምፁ ሲመልስ ግን ራውተሩ ላይሰማው ይችላል። እህቴ ስልክ ላይ ያሉት የሲግናል መስመሮች በሙሉ ይታዩ ነበር፤ ገጹ ግን አይከፈትም። ያ አንቴና ዛሬም አለ፤ እናቴ የልብስ ማስጫ ገመድ አስራበታለች።

ስለዚህ ሁለተኛ ጣቢያ ያስፈልጋል። ትርፉ ራውተር ከቁም ሣጥን የወረደው በዚህ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ «ሜሽ» ስለሚባለው ቃል ጥቂት ልበል፤ ገበያው ቃሉን እንደፈለገ ይጠቀምበታልና። በትክክለኛ ትርጉሙ ሜሽ ማለት ጣቢያዎቹ እርስ በርሳቸው መንገድ እየፈለጉ መልእክት የሚቀባበሉበት መረብ ነው። ለዚህ የሚሆን የጋራ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ጸድቋል። ሆኖም አምራቾች በየራሳቸው መንገድ ስለሚሠሩት፣ «ሜሽ» ተብሎ የተጻፈበት ሣጥን ሁሉ ከሌላው ጋር አይግባባም። በብዙ ቤት በተግባር የሚገኘው ከዚያ የቀለለ ነገር ነው፤ አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ያላቸው ሁለት ጣቢያዎች። ከአንዱ ወደ ሌላው መቼ እንደሚሻገር በዋናነት የሚወስነው ራውተሩ ሳይሆን ስልኩ ነው፤ ስልክ ደግሞ ግትር ነው፤ የያዘውን ደካማ ጣቢያ በቀላሉ አይለቅም። ለአንድ ግቢ ግን ይህ ይበቃል። እኔም ከዚህ በኋላ «ሜሽ» ስል ይህንን ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ጣቢያ ከመጀመሪያው ጋር የሚገናኘው በአየር ወይም በገመድ ነው። በአየር ሲሆን፣ ያው አንድ ሬዲዮ ከወዲያ እየሰማ ወዲህ ስለሚያወራ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ለግንኙነቱ ብቻ የተለየ ሬዲዮ ያላቸው ውድ ዕቃዎች ይህንን ያስቀራሉ። ከሁሉም የከፋው ስሕተት ደግሞ ተቀባዩን ራውተር በቆርቆሮው ቤት መካከል ማስቀመጥ ነው፤ ራሱ ያልሰማውን ለሌላ ሊያሰማ አይችልም። በመስኮቱ አፍ፣ ከዋናው ቤት ፊት ለፊት መቀመጥ አለበት።

እኛ ገመድ መረጥን። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ስለሚያገለግል 22 ሜትር ምንም አይደለም። በፕላስቲክ ቱቦ ከተን ቀበርነው። ገመድ በሚኖርበት ጊዜ የቆርቆሮው ግድግዳ ከጠላትነት ወደ ወዳጅነት ይለወጣል፤ ራውተሩ ውስጥ ሆኖ ሲያወራ ሲግናሉን እዚያው አፍኖ ያስቀረዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ በጣና ዙሪያ የክረምት መብረቅ ቀላል አይደለም። በሁለት ቤቶች መካከል የተዘረጋ የመዳብ ሽቦ ለመብረቅ ግፊት መንገድ ይሆናል። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር የገመዱን ሁለት ጫፎች መንቀል የቤቱ ደንብ ሆኗል፤ ይህን ደንብ ከሁላችንም ይበልጥ የምታከብረው እናቴ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። አንድ ራውተር በቤትና በመንገድ የሚሠራቸው ሁለት ሥራዎች እርስ በርስ ተቃራኒ ናቸው።

በቤት ውስጥ ረዳት ጣቢያ ሲሆን ዝም ማለት ይኖርበታል። አድራሻ የሚያድለው ዋናው ራውተር ብቻ ነው፤ ረዳቱ ዲኤችሲፒ የሚባለው አድራሻ የማደል አገልግሎቱ ተዘግቶ፣ ከገመዱ የመጣውን ወደ አየር፣ ከአየር የመጣውን ወደ ገመድ ብቻ ማስተላለፍ አለበት። በአንድ እድር ሁለት ጸሐፊዎች ሳይነጋገሩ ለአባላት ቁጥር ቢሰጡ ምን እንደሚፈጠር ታውቃላችሁ።

በመንገድ ላይ ግን ራሱ አለቃ ነው። በሆቴሉ ዋይፋይ ወይም ገመድ እንደ አንድ ደንበኛ ይገባል፤ በኋላው ላሉት ለእናንተ ስልክና ላፕቶፕ ደግሞ የራሱን አድራሻ ያድላል፣ በሩንም ይጠብቃል። የሆቴሉን የመግቢያ ገጽ አንድ ጊዜ በአንዱ መሣሪያችሁ ከሞላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ለሌሎቹም ይበቃል። መሣሪያዎቻችሁ የለመዱትን ስም ስለሚያገኙ በየከተማው አዲስ የይለፍ ቃል አይጠይቁም። በ5 ቮልት የሚሠራ ከሆነ መብራት ቢጠፋም ፓወር ባንክ ይሸከመዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ አንድ የመስመር ኢንተርኔት ለብዙ ሰው ማካፈል ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ተማሪዎች ትመሰክራላችሁ። (በባለቤቱ ፈቃድ መሆን እንዳለበት ግን መናገር ይኖርብኛል።)

አሮጌ ራውተር እንዲህ ባሕርዩን ሊለውጥ መቻሉ የራሱ ታሪክ አለው። ሊንክሲስ እ.ኤ.አ. በ2002 ለገበያ ያቀረበው ደብልዩአርቲ 54ጂ የተባለ ራውተር ውስጡ ሊኑክስ ሆኖ ተገኘ፤ የሊኑክስ ፈቃድ ስለሚያስገድድም ኩባንያው በ2003 የፕሮግራሙን ምንጭ ይፋ አደረገ። ከዚያ ላይ ተነሥተው በጎ ፈቃደኞች በ2004 ኦፕንደብልዩአርቲን ጀመሩ። ዛሬ በገበያ ያሉ በርካታ የጉዞ ራውተሮች የሚሠሩት በዚሁ ወይም በተወላጁ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ። አንድ ነሐሴ ለአምስት ቀን ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ራውተሩን ከሰርቪስ ቤቱ ነቅዬ በቦርሳዬ ከተትኩት። ለማንም አልነገርኩም፤ ትርፍ ነዋ! በሦስተኛው ቀን እናቴ ደወለች፤ «ልጄ፣ ያን መብራቱ ብልጭ ብልጭ የሚለውን ነገር ይዘኸው ሄድክ እንዴ? እኅትህ ውጭ ተቀምጣለች» አለችኝ። እህቴ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፏን ለአማካሪዋ የምታስገባበት የመጨረሻው ቀን ነበር። በስልኳ ጥቅል ልትልከው ሞክራ ፋይሉ ከነምስሎቹ ከባድ ስለነበር በመካከሉ አልቆባታል። ዋናው ቤት ደግሞ በለቅሶ እንግዶች ተሞልቷል። ስለዚህ ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር፣ ላፕቶፑን በነጠላ ሸፍና፣ ከሳሎኑ በሚሾልክ ሲግናል ፋይሉን ትገፋ ነበር። ሁለት ጊዜ ተቋረጠባት። በመጨረሻ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እንግዶቹ ሲተኙ፣ በእናቴ አልጋ ጥግ ተቀምጣ ላከችው።

እኔ በዚያ ሰዓት በሆቴሌ ክፍል በተስተካከለ ዋይፋይ ፊልም እያየሁ ነበር።

ይህ አልበቃ ብሎ፣ ስመለስ ራውተሩን የመንገድ ሥርዓቱን ሳልለውጥ መልሼ ከገመዱ ጋር ሰካሁት። ሁለት ጸሐፊዎች ማለት ይኼ ነው። ከቤቱ ስልኮች ከፊሎቹ አድራሻ የወሰዱት ከእርሱ ሲሆን፣ እርሱ ደግሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ መንገድ አልነበረውም። ሲግናሉ ሙሉ፣ ኢንተርኔቱ ባዶ። ሁለት ቀን ሙሉ ቤተሰቡ የመስመሩን ባለቤት ሲያማ ሰነበተ፤ እኔም አብሬ አማሁ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው። የሁለቱን ሥራዎች ሥርዓት በሁለት ፋይል አስቀምጫለሁ፤ ከቦርሳ ሲወጣ ከገመድ በፊት ፋይሉ ይጫናል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ራውተሩ ከመነሣቱ በፊት እኔው ቤት ሳለሁ ለአንድ ሙሉ ቀን ነቅዬ ማን ምን እንደሚያጣ ማየቴ ነው። ይህን ቀድሜ ባደርገው ኖሮ የገመዱ ጫፍ በሰርቪስ ቤቱ እንዳለ፣ ላፕቶፑም በቀጥታ ሊሰካበት እንደሚችል ለእህቴ በነገርኳት ነበር። ገመዱ ከእኔ ጋር አልተጓዘም፤ እዚያው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። (ቀጫጭኖቹ አዳዲስ ላፕቶፖች የገመድ ቀዳዳ ስለሌላቸው ማገናኛ መግዛት ያስፈልጋል።)

ሌላም ሐሳቤን የለወጥኩበት ነገር አለ። ሰው ሁሉ አዲሱን ለቤት፣ አሮጌውን ለመንገድ ያደርጋል። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። አሮጌ ራውተር አምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ መላክ ካቆመለት፣ በማይታወቅ የሆቴል መረብ ፊት በር ጠባቂ ሊሆን አይገባውም፤ በቤት ውስጥ ከዋናው ራውተር ኋላ ሆኖ አየርና ገመድ ቢያገናኝ ግን አደጋው እጅግ ያነሰ ነው። እኔም ሌላ አሮጌ፣ በ2.4 ብቻ የሚሠራ ራውተር ከአጎቴ ቤት አግኝቼ፣ ስጓዝ ቦታውን እንዲይዝ አድርጌዋለሁ። ቀርፋፋ ነው፤ ጽሑፍ ለመላክ ግን ያደርሳል። ምትክ የሌለው ሰው ቢጠይቀኝ ዕቃውን ለቤቱ ትቶ በስልኩ ኢንተርኔት እንዲጓዝ እነግረዋለሁ።

ራውተሩን ይዤው መጥቻለሁ፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው፤ ከንግግሩ በኋላ ቀርባችሁ ማየት ትችላላችሁ። በጀርባው ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር የጻፈችበት እህቴ ናት፤ «ሳይጠየቅ አይነሣም» ይላል። ዛሬ ጠይቄ ነው ያመጣሁት፤ እስከ ነገ ማታ ድረስ ተፈቅዶልኛል።