ስለ አትክልት አልጫ ወጥ የምግብነት ዋጋ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የዚህ ንግግር ርእስ በተነገረ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን አይቻለሁ። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ድንች በእርድ ተሠርቶ የሚቀርበው አልጫ በየቤታችን ያለ ነገር ስለሆነ፣ ለንግግር የሚበቃ ምን ቁም ነገር ይገኝበታል ማለታችሁ ይመስለኛል። እኔ ግን ርእሱን የመረጥሁት አንድ የቆየ ዕዳ ስላለብኝ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ አንዲት እናት የ14 ወር ልጇን ይዛ መጣች። ሕፃኑ በክብደቱ ከዕድሜው ወደ ኋላ የቀረ ነበር። እኔም እንደ ልማዳችን «አትክልት አብዢለት» ብዬ አሰናበትኋት። እርሷም ቃሌን አክብራ በየቀኑ አልጫ እየሠራች፣ እንጀራውን በመረቁ እያራሰች አጎረሰችው። ከሁለት ወር በኋላ ስትመለስ ግን የሕፃኑ ክብደት ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። የነገርኋት ነገር ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነበር።

ጉድለቱ የት ላይ እንደሆነ ቁጥሩ ይነግረናል። 100 ግራም ጥሬ ጥቅል ጎመን 25 ካሎሪ ያህል፣ ካሮት 40 ያህል፣ ድንች ደግሞ ከ75 ጥቂት ከፍ ያለ ኃይል ይሰጣል። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን ከእናቱ ጡት ሌላ በቀን 550 ካሎሪ ያህል ከምግብ ማግኘት ይኖርበታል። ይህንን ከጎመንና ከመረቅ እንሙላው ብንል የሕፃኑ ሆድ አይችለውም። ገንቢውም ነገር እንዲሁ ነው፤ 100 ግራም ካሮት አንድ ግራም ፕሮቲን እንኳ አይሞላም፤ ምስር ወይም የአተር ክክ ግን በደረቁ 24 ግራም ያህል አለው።

ይህን ስል አልጫውን ለማጣጣል አይደለም። በካሮት ውስጥ ያለው ካሮቲን በሰውነታችን ውስጥ ወደ ቪታሚን ኤ የሚለወጥ ሲሆን፣ የዚህ ቪታሚን እጦት ዳፍንትን፣ ሲብስም ፍጹም ዕውርነትን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን። ካሮቲን የሚሟሟው በቅባት ነው። ሙቀትም ካሮቱን አልስልሶ በውስጡ ያለውን ያወጣዋል። ስለዚህ በዘይት በቁላላ ሽንኩርት የበሰለ ካሮት፣ በዚህ ረገድ ከጥሬው ይበልጣል። ባልትናው ከትምህርታችን ቀድሞ የደረሰበት ጉዳይ ነው።

ቪታሚን ሲ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በውሃ ይሟሟል፤ በእሳት ይጠፋል። ጎመኑን ከትፎ ማጠብ፣ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፣ የማታውን ወጥ ለጠዋት ደጋግሞ ማሞቅ ያባክነዋል። መጀመሪያ ካሮቱን፣ ቀጥሎ ድንቹን፣ በመጨረሻ ጎመኑን ጨምሮ ድስቱን ከድኖ በጥቂት ውሃ ማብሰል ይበቃል።

ስለ እርድ ብዙ ይወራል። በአንድ ድስት የምንጨምረው ግን ጥቂት ከመሆኑም በላይ፣ ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ቅመም ወደ ደም የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው። ለመልኩና ለጣዕሙ እንጨምረው፤ መድኃኒት ነው ብለን ግን አንስበክ።

አልጫው ሙሉ ዋጋውን የሚያገኘው ከጎኑ ምስር ወይም ክክ ሲኖር ነው። በእህል ውስጥ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ያሟላል። በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረትም ከጎመኑና ከቃሪያው የሚገኘው ቪታሚን ሲ ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። የእንጀራው ሊጥ መቡካቱ ደግሞ ብረቱን ቆልፎ የሚይዘውን ነገር ይቀንሳል። የጾም በያይነቱ እንዲያው ለዓይን ብቻ የተሰናዳ አይደለም።

ቪታሚን ቢ 12 ግን ከአትክልት አይገኝም። ለጤነኛ ዐዋቂ ጾሙ ሲፈታ የሚካካስ ነው። የሚያሳስበኝ ሕፃኑ ነው። ከጾም ግዴታ ነፃ ሆኖ ሳለ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን የቤቱ ድስት ሁሉ የጾም ስለሚሆን እርሱም አብሮ ይጾማል። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻ እንድትለይለት፣ እንቁላል ወይም ወተት ከተገኘም እንዳይከለከል እናቲቱን በግልጥ መንገር የእኛ ፈንታ ነው።

ያችን እናት በሁለተኛው ጊዜ «ከአልጫው ጋር ምስር በደንብ አብስለሽ ጨፍልቂለት፤ ዘይትም ጨምሪበት» አልኋት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል ነው። ሕፃኑ ክብደት መጨመር ጀመረ። እናቲቱ ግን «ምስሩማ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም፤ ምነው ያኔውኑ ቢነግሩኝ ኖሮ» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

በመጨረሻ ስለ ቡና አንድ ቃል ልጨምር። ከማዕድ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ቡናም ሆነ ሻይ የምስሩን ብረት ከሰውነት ያግዳል፤ ስለዚህ በተለይ ነፍሰ ጡሮችን አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት ማለት ይገባናል። ዛሬ ከምሳ በኋላ የቀረበልንን እኔም ሳልታገሥ እንደጠጣሁ ያያችሁኝ አላችሁ። ቀሪውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እለቃለሁ።